ተቀባይ ከተቀባይ ጋር፦ የአንድ ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ሪሲቨርና ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ

ጉዳዩ የተነሣው በኅዳር ወር መጨረሻ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሌሊቱን ሣሩን ነጭ አድርጎ በሚያድርበት ሰሞን ነው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በዚያ ወቅት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በየክፍሉ ተበታትኖ የሚያመሽ ቤተሰብ የለም፤ ከሰል ያለው ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ ይሰበሰባል። እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የምጠግን፣ ዲሽም የምገጥም ሰው ስሆን የተጠራሁት ከሁለት ቤት አልፎ ወዳለው ጎረቤት ነበር። የጠሩኝ የቤቱ እመቤት፣ «ሪሲቨሩ ብሉቱዝ አልወስድ አለ፤ እስቲ ና እየው» ሲሉ የአምስት ደቂቃ ሥራ መስሎኝ ፒንሳ እንኳ ሳልይዝ ነበር የሄድኩት። ነገሩ እስኪያልቅ ግን ከሁለት ወር በላይ ወሰደ።

በቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። አያትየው ለረጅም ዓመታት በደሴ መንገድ ኤን ትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ጣርማ በርን ከደብረ ሲና በኩል በጭነት እየወጡ ያረጁ የጡረታ ሰው ናቸው። ልጃቸው የቤቱ እመቤት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ለፈተና የምትዘጋጀው በዚያው ሳሎን፣ ከከሰሉ ማዶ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። አያትየው የማታ 2 ሰዓቱን ዜና ሳይሰሙ አይተኙም፤ ድምፁንም ጣሪያው ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ያስጮኹታል። ልጅቷ በጥጥ ጆሮዋን ደፍና ታጠናለች፤ እናትየው በሁለቱ መካከል ሆነው ሪሞቱን ሲደብቁና ሲመልሱ ያመሻሉ። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድ ልጅ ይህን ሰምቶ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ገዝቶ ላከ። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ቀላል እንደሚሆን ሁሉም ገምተው ነበር።

ወደ መሣሪያው ከመግባቴ በፊት ስለ ጆሯቸው ጠየቅኋቸው፤ ምክንያቱም የሚሰማን ነገር ጥራት ያለ ሰሚው ጆሮ መናገር አይቻልም። ከዚያ በፊት ሆስፒታል ሄደው ኩካቸው ወጥቶላቸው ጥቂት ለውጥ አይተዋል፤ የቀረው ግን የዕድሜና የሞተር ድምፅ ያመጣው መሆኑ ተነግሯቸዋል። እርሳቸው በራሳቸው አንደበት የገለጹት ከዚህ ይሻላል፦ «ልጄ፣ ድምፁማ ይሰማኛል፤ ቃሉ ነው የማይለይልኝ።» በጩኸት የተጎዳ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ከ3 እስከ 6 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ቀጭን ድምፅ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ሰ፣ ሸ፣ ፈ እና ጸ ጉልበታቸው ያለው በዚያው ከፍ ባለ ሰፈር ነው። ስለዚህ «ሰማ» እና «ሸማ»፣ «ሠራ» እና «ፈራ» ለእርሳቸው አንድ ዓይነት ድምፅ እየሆኑባቸው ነበር። ቴሌቪዥኑን ማስጮኽ ቀድሞውኑ የሚሰማውን አናባቢ አብሮ ያጎላዋል እንጂ የጠፋውን ተነባቢ ለይቶ አያመጣም፤ በድንጋይ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ መካከል ደግሞ የገደል ማሚቶው ቃልን በቃል ላይ ይደርባል። የጆሮ ማዳመጫ የሚጠቅመው ይህን የክፍል ጩኸት ስለሚያስቀርና ተናጋሪውን ጆሮ ሥር ስለሚያመጣው ነው። ሌላም ነገር ነበር፦ ሹፌር በግራ በኩል ስለሚቀመጥና መስኮቱም በዚያው በኩል ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ግራ ጆሯቸው ከቀኙ ይልቅ የደከመ ነው። ይህ ነገር በኋላ ዋጋ ነበረው።

ሪሲቨሩ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ሳተላይት የሚመጡትን የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚያሳይ፣ በየቤቱ ያለው ዓይነት ተራ ሪሲቨር ነው። ማውጫውን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት፤ ዋይፋይ የሚል አለ፣ ብሉቱዝ የሚል ግን የለም። ባለ 32 ኢንቹ ቴሌቪዥንም ስማርት ስላልሆነ የለውም። እመቤቲቱ ይህን ቀድመው ስላወቁ ከአንድ ሱቅ ለኮምፒውተር የምትሆን ትንሽ የብሉቱዝ መሰኪያ ገዝተው በሪሲቨሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሰክተው ነበር። ምንም አልሆነም፤ ሊሆንም አይችልም። ዩኤስቢ ቀዳዳ ስላለው ብቻ ማንኛውንም ዕቃ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ ዕቃውን የሚያዝበት ፕሮግራም ሪሲቨሩ ውስጥ መኖር አለበት። የዚህ ሪሲቨር ሠሪዎች ለፍላሽና ለዋይፋይ መሰኪያ ፕሮግራም ጽፈውለታል፤ ለብሉቱዝ አልጻፉለትም። አንዳንድ ሰው «ሶፍትዌር ሲታደስ ይመጣል» ይላል። እኔ ግን በእጄ ካለፉት ከእንዲህ ዓይነቶቹ ርካሽ ሪሲቨሮች ውስጥ አንዱም በእድሳት ብሉቱዝ ሲያገኝ አላየሁም፤ ስለዚህ እመቤቲቱን በዚህ ተስፋ ላለማቆየት ወሰንኩ።

ሁለተኛው ሙከራ የእኔ ጥፋት ነበር። በድምፅ ገመድ የሚሰካ የብሉቱዝ ዕቃ ያስፈልጋል ብዬ ነገርኳቸውና እርሳቸውም ከመናኸሪያው አካባቢ አንዲት አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ገዝተው መጡ፤ ማሸጊያዋ ላይ «ብሉቱዝ ሪሲቨር» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉን አይተው «ለሪሲቨር የሚሆን» ማለት መስሏቸዋል፤ እኔም መብራቷ ሲበራ አይቼ ሳላጣራ ከቴሌቪዥኑ የኢርፎን ቀዳዳ ጋር አገናኘኋት። ለአንድ ሰዓት ያህል የጆሮ ማዳመጫውን አጠፋን፣ አበራን፣ ቁልፉን ተጭነን ያዝን፤ ሁለቱም ሰማያዊና ቀይ እያፈራረቁ ብልጭ ድርግም ይላሉ እንጂ አይገናኙም።

እዚህ ላይ የጉዳዩ ዋና ቁልፍ ስላለ ጥቂት ላብራራው። ሙዚቃና ንግግር በብሉቱዝ የሚተላለፍበት ሥርዓት ኤ2ዲፒ ይባላል፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንዱ ወገን ሰጪ፣ ሌላው ወገን ተቀባይ ነው። ስልክ ሰጪ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ ተቀባይ ነው። ያቺ ከመናኸሪያ የመጣች ዕቃ የተሠራችው ለመኪና ነው፤ ከስልክ የሚመጣውን ዘፈን ተቀብላ ለመኪናው ቴፕ የምታቀብል ናት። ስለዚህ በዚያ ምሽት ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሁለት አድማጮች ናቸው፤ ሁለቱም ጆሯቸውን ቀስረው «ማን ይናገራል?» እያሉ ሲጠባበቁ የሚናገር ግን አልነበረም። ከሳተላይት የሚቀበለው ሳጥንም ሪሲቨር፣ ከስልክ የምትቀበለው ዕቃም ሪሲቨር መባላቸው ነው ሁላችንንም ያሳሳተን። እኛ የምንፈልገው ትራንስሚተር፣ ማለትም አስተላላፊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው መለያ ይህ ነው፦ ዕቃውን ሱቁ ውስጥ አስበርቶ በስልክ ብሉቱዝ መፈለግ፤ ስሙ ስልኩ ላይ ከወጣ ተቀባይ ነው፣ ለቴሌቪዥን ሥራ አይሆንም። አስተላላፊ ራሱ ፈላጊ ስለሆነ በስልክ ዝርዝር ውስጥ አይታይም። በሁለቱም መንገድ የሚሠሩ አሉ፤ እነርሱ ከጎናቸው ቲኤክስ (አስተላላፊ) እና አርኤክስ (ተቀባይ) የሚል መቀየሪያ አላቸው፤ ለእኛ የሚሆነው ቲኤክስ የሚለው ነው።

እንዲህ ያለውን ዕቃ ልጁ ከአዲስ አበባ፣ 130 ኪሎ ሜትሩን በሚመላለስ ሚኒባስ ላከልን። መቀየሪያውን ቲኤክስ ላይ አድርገን ከቴሌቪዥኑ ኢርፎን ቀዳዳ ሰካነው፤ የጆሮ ማዳመጫውን ቁልፍ መብራቱ እስኪፈራረቅ ተጭነን ያዝን፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። አልተጣመሩም። ከማዳመጫው ውስጥ የምትናገረው ሴት በእንግሊዝኛ ተገናኘሁ ትላለች፤ ከቴሌቪዥኑ ግን ምንም ድምፅ የለም። ምክንያቱን ያገኘችው ተማሪዋ ናት፦ ዕቃው በመጣ ቀን በራሷ ስልክ ሞክራው ነበርና ማዳመጫው በበራ ቁጥር ቀድሞ የሚያውቀውን የእርሷን ስልክ ይይዛል። ስልኳ ማዳመጫውን እንዲረሳው ካደረገች በኋላ በሁለተኛው ሙከራ፣ ዐሥር ሴኮንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተገናኙ። አስተላላፊው ማያ ገጽ ስለሌለው የሚመርጥበት መንገድ የለውም፤ በአቅራቢያው መብራቱን የሚያፈራርቅ ማንኛውንም ማዳመጫ ይይዛል። ስለዚህ ሲጣመሩ በቤቱ ውስጥ ሌላ የብሉቱዝ ዕቃ በርቶ መገኘት የለበትም።

አያትየው ማዳመጫውን አድርገው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ፊታቸው ፈካ። እናትየው ግን «እኛስ?» አሉ። ቴሌቪዥኑ የኢርፎን ቀዳዳው ሲሰካ የራሱን ድምፅ ማጉያ ይዘጋል፤ አያት ሲሰሙ ቤተሰቡ በዝምታ ሥዕል ያያል ማለት ነው። ይህ ለአንድ ሰው ብቻ ችግር የሚፈታ መፍትሔ ስለሆነ አልተቀበልኩትም። መውጫው ከሪሲቨሩ ጀርባ ነበር። ሪሲቨሩ ሥዕልና ድምፅን በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ እየላከ በዚያው ጊዜ በቀዩና በነጩ የኤቪ ቀዳዳም ድምፅ ያወጣል፤ በዚህ ቤት እነዚያ ቀዳዳዎች ሪሲቨሩ ከተገዛ ጀምሮ ባዶ ነበሩ። በአንድ ጫፉ ሁለት የኤቪ ራስ፣ በሌላው የኢርፎን ራስ ያለው ገመድ አበጅቼ አስተላላፊውን እዚያ ላይ አዞርኩት። አሁን ቴሌቪዥኑም ይናገራል፣ ማዳመጫውም ይናገራል። ከዚያ በኋላ የድምፅ አስተዳደሩን መከፋፈል ነበረብን፦ የሪሲቨሩ ድምፅ ከሙሉው ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ አይነካም፤ የሳሎኑ ድምፅ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ይስተካከላል፤ አያትየው የራሳቸውን በማዳመጫው ላይ ባለው ቁልፍ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ተማሪዋ የምታጠናበት ሰዓት ሲደርስ የሳሎኑ ድምፅ ዜሮ ይሆናል፤ የእርሳቸው ግን ይቀጥላል። ሪሞቶቹን እንዳይምታቱ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍንበት።

የግራ ጆሮው ነገር የወጣው እዚህ ላይ ነው። አያትየው በአንዳንድ ጣቢያ ድምፁ ጥሩ ነው፣ በአንዳንዱ ደግሞ ርቆ ይሰማኛል አሉ። እኔ ማዳመጫውን ሳደርገው ሁሉም ደህና ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ተናጋሪውን ወደ አንድ ወገን ያደላ አድርገው የሚልኩ ስርጭቶች አሉ፤ ንግግሩ ወደ ግራ ሲያደላ እርሳቸው የሚሰሙት በደካማው ጆሮ ነው። የሪሲቨሩ ሪሞት ላይ ባለው የኦዲዮ ቁልፍ ስቴሪዮውን ወደ ሞኖ ስቀይረው ሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ አገኙና ቅሬታው ቆመ። ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ይህን አልመክርም፤ ለዜናና ለቅዳሴ ግን ማንም ምንም አያጣም።

ከሁሉም ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ የመዘግየቱ ጉዳይ ነው። በሳምንቱ አያትየው አስጠሩኝና «ይሄ ሰውዬ አፉና ቃሉ አይገጥሙም» አሉኝ። መጀመሪያ ላይ ቀለል አድርጌ አየሁት፤ ለዜና ምን ችግር አለው ብዬ። ስህተቴን የተረዳሁት እርሳቸው ሲያዳምጡ ዓይናቸው ወዴት እንደሚያይ ስመለከት ነው፤ ከአንባቢው ከንፈር ላይ አይነሣም። ጆሮው የደከመ ሰው ሳያውቀው ግማሹን በዓይኑ ይሰማል፤ «ሠራ» ይሁን «ፈራ» የሚለየው የታችኛው ከንፈር ከላይኛው ጥርስ ጋር ሲገናኝ አይቶ ነው። ከንፈሩ ቀድሞ ቃሉ ከዘገየ ያ እርዳታ ይቀራል። ስለዚህ ለእኔ ትንሽ የምትመስለው መዘግየት ለእርሳቸው ትልቅ ነበረች።

ምን ያህል እንደሆነ ለመለካት የስልኬን ማይክ ወደ ማዳመጫው አስጠግቼ ካሜራውን ወደ ስክሪኑ በማዞር ጭብጨባ ያለበትን ፕሮግራም ቀረጽኩ፤ ከዚያም በቪዲዮ መቁረጫ መተግበሪያ ውስጥ እጆቹ ከሚገናኙበት ሥዕል እስከ ድምፁ ድረስ ያሉትን ሥዕሎች ቆጠርኩ። ስልኩ በሴኮንድ 30 ሥዕል ስለሚቀርጽ እያንዳንዱ ወደ 33 ሚሊሴኮንድ ነው፤ እኔ የቆጠርኩት ስድስት፣ አንዳንዴም ሰባት ነበር፤ ይህም 200 ሚሊሴኮንድ አካባቢ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በቢቲ.1359 ምክረ ሐሳቡ ላይ ተመልካች መዘግየቱን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፁ በ125 ሚሊሴኮንድ ሲዘገይ እንደሆነ፣ ተቀባይነት የሚያጣው ደግሞ ከ185 በላይ ሲሆን እንደሆነ አስቀምጧል። ድምፁ ቀድሞ ሲመጣ ግን ሰው 45 ሚሊሴኮንድን እንኳ ይለያል። ይህ መበላለጥ ለገጠር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከሜዳው ማዶ ባሕር ዛፍ የሚፈልጥ ሰው መጥረቢያው ሲወርድ ታይቶ ነው ድምፁ የሚደርሰው፤ 340 ሜትር ከራቀ አንድ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። አእምሯችን ቀድሞ ማየትንና ዘግይቶ መስማትን ለምዷል፤ የዚህ ተቃራኒ ግን በተፈጥሮ የለም።

መዘግየቱ የሚመጣው ከአየሩ አይደለም፤ ድምፁ ከመላኩ በፊት ተጨምቆ፣ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ እንዳይቆራረጥ ጥቂት ተጠራቅሞ፣ ከዚያ ስለሚፈታ ነው። ማንኛውም የብሉቱዝ ማዳመጫ የሚያውቀው የመጭመቂያ ዘዴ ኤስቢሲ ነው፤ አፕትኤክስ ሎው ሌተንሲ የሚባለው 40 ሚሊሴኮንድ ገደማ ብቻ የሚወስድ ዘዴ አለ፤ ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው አስተላላፊውም ማዳመጫውም ሁለቱም ሲያውቁት ነው። የእኛ አስተላላፊ ያውቀዋል፤ ማዳመጫው አያውቀውም። ሌላ ማዳመጫ ግዙ ማለት ከበደኝ፤ ልጁ ገና የላከው ነውና። የሪሲቨሩ ማውጫ ውስጥ ያለውን የድምፅ ማዘግያ ተስፋ አድርጌ ከፈትኩት፤ እርሱ ግን ድምፅን የባሰ ያዘገያል እንጂ አያፈጥንም። ድምፁን ማፍጠን ካልቻልኩ ሥዕሉን ማዘግየት ነው የቀረኝ።

የቴሌቪዥኑን የሥዕል ማውጫ ስከፍት «ጌም» የሚለው ተመርጦ አገኘሁት። በክረምት ዕረፍት የመጣ ልጅ በዚያው ቀዳዳ ጌም ሰክቶ ሲጫወት ቀይሮት ሄዷል። ይህ ምርጫ ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን ሳያሻሽል በፍጥነት እንዲያሳየው ያደርጋል፤ ለተጫዋች መልካም ነው፣ ለእኛ ግን የሥዕሉን መቅደም ያባብሰዋል። ወደ መደበኛው መልሼ የሥዕል ማጥሪያውን ከፍ ባደርገው ቴሌቪዥኑ ለማሰብ ጊዜ ወሰደ፤ እንደገና ስቆጥር ልዩነቱ ወደ አራት ሥዕል፣ ማለትም 130 ሚሊሴኮንድ አካባቢ ወርዷል። ጠያቂው ሁሉ «ጌም ሞድ አድርገው» እየተባለ ሲመከር የሰማሁ ሰው ነኝና በተቃራኒው መሥራቱ ለእኔም አስገርሞኛል። አያትየው ሙሉ በሙሉ ገጥሟል አላሉም፤ «አሁን ይቻላል» አሉ። እኔም ከዚያ በላይ አልገፋሁም።

ለአስተላላፊው መብራት የምንሰጠው ከሪሲቨሩ ዩኤስቢ ነበር። ሪሲቨሩ ስታንድባይ ሲሆን ያ ቀዳዳ መብራት ያቋርጣል፤ የከተማው መብራት ሲጠፋና ሲመጣም ሁለቱ እንደገና ሳይያያዙ ይቀራሉ። በተለየ የስልክ ቻርጀር ሶኬት ላይ ስሰካው የመጀመሪያው ችግር ቆመ። ለሁለተኛው አያትየው የሚያስታውሱት ቅደም ተከተል አበጀን፦ መብራት ከመጣ መጀመሪያ ማዳመጫውን ያጠፋሉ፣ ጥቂት ቆይተው ያበራሉ፤ «ሴትዮዋ ከተናገረች ገብቷል» ይላሉ። እንግሊዝኛዋን አያውቁትም፤ የድምፅዋን ዜማ ግን ይለያሉ። የማብሪያ ቁልፉ በጣት እንዲታወቅ ተማሪዋ አንዲት የተሰነጠቀች የሸሚዝ ቁልፍ በሙጫ ለጠፈችበት፤ ከሠራሁት ሁሉ የበለጠ የጠቀመው ምናልባት እርሱ ነው።

የድምፁን ልክ በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚያስቀምጠው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። እርሳቸው የሚያዳምጡት በቀን ከሦስት ሰዓት አይበልጥም፤ ነገር ግን የቀረውን መስማት እንዳያጡ ቁልፉን እስከ ጥግ እንዳይገፉት ለእመቤቲቱ ነገርኳቸው። ከሳሎኑ ወደ ጓዳ ሲገቡ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ብሉቱዝ በክፍት ቦታ ዐሥር ሜትር ያህል ቢደርስም ክንድ የሚያክል የድንጋይ ግድግዳ አያሳልፈውም፤ በዚህ ላይ ምንም አላደረግሁም።

በጥር መጨረሻ ዕቃዬን ልወስድ ስሄድ እመቤቲቱ አዲስ ቅሬታ ነበራቸው። አያትየው ማዳመጫውን ካደረጉ በኋላ ለእራት ቢጠሩ አይሰሙም፤ ትከሻቸውን ሲነኳቸውም ይደነግጣሉ። ለዚህም መላ ያገኘችው ተማሪዋ ናት። የሪሲቨሩ ድምፅ ሲዘጋ የኤቪውም አብሮ ስለሚዘጋ፣ እንጀራው ሲቀርብ ሪሞቱን አንሥታ ድምፁን ትዘጋዋለች። አያትየው ያን ጊዜ ማዳመጫውን ከጆሯቸው ያወርዱና ወደ መሶቡ ዞረው «ደርሷል?» ይላሉ።